ትኬቱ ሲወፍር መድረኩ ሲከሳ፦ የዲዝኒና የዩኒቨርሳል ትርኢቶች ዛሬ የት ናቸው?

ኦክቶበር 2020 ላይ ፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ 720 ያህል ተዋንያንንና ድምፃውያንን አሰናበተ። አክተርስ ኢኩዊቲ የተባለው የተዋንያን ማኅበር እዚያ የነበሩት አባላት 780 ገደማ ስለነበሩ የተረፉት ስድሳ ያህል ብቻ ናቸው። ወረርሽኝ ነበርና፣ በሩን ለወራት ዘግቶ የከረመ ድርጅት ሠራተኛ መቀነሱ ብዙም አላስገረመም። አድናቂውን ያስከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሰዉ ተመለሰ፣ ወረፋው ተመለሰ፣ ዋጋው ከነበረበትም አልፎ ሄደ፤ ትርኢቱ ግን ከፊሉ በዚያው ቀረ፣ ከፊሉ ተቆራርጦ ተመለሰ። ካሊፎርኒያ ባለው ዲዝኒላንድ፣ ሰው በሚበዛባቸው ቀናት የአንድ ቀን መግቢያ በ2019 መጀመሪያ 149 ዶላር ነበር፤ በ2024 መገባደጃ 206 ዶላር ደረሰ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ የምንገመግመው ሰው በአካል የሚቆምበትን ዝግጅት ነው፦ መድረክ፣ ፓሬድ፣ የመንገድ ባንድ፣ ከእንግዳ ጋር እየተቀላለዱ የሚዞሩ ተዋንያን። ርችትና በግንብ ላይ የሚለቀቅ ምስል አይቆጠርም። ያማረ ቢሆንም ቁልፍ ተጭነው የሚያስጀምሩት ነገር ነው።

ተቆርጠው የተመለሱት

ከሁሉ አስተማሪው ከዲዝኒ ወርልድ አራት ፓርኮች አንዱ የሆነው አኒማል ኪንግደም ነው፤ ሁለት ትልልቅ ትርኢቶች ስላሉት አንዱ እንዴት እንደዳነ፣ ሌላው እንዴት እንዳጠረ ጎን ለጎን ይታያል።

«ፌስቲቫል ኦቭ ዘ ላየን ኪንግ» በ1998 ፓርኩ ሲከፈት አብሮ የጀመረ ነው። ተመልካቹ በአራት ወገን ከብቦ ይቀመጣል፣ መድረኩ መሐል ላይ ነው። በሜይ 2021 ሲመለስ ስሙ ላይ «ሴሌብሬሽን» የምትል ቃል ተጨምራ ነበር፤ ከውስጡ የጎደለው ግን ብዙ ነው። የዝንጀሮ ልብስ ለብሰው በዘንግና በመረብ ላይ የሚገለባበጡት አክሮባቶች አልነበሩም። በገመድ ተንጠልጥላ እንደ ወፍ የምትበረው ተወዛዋዥም መሬት ላይ ቀረች። ድምፃውያኑ ጥሩ ነበሩ፣ ማንም ያንን አልካደም። ነገር ግን ትርኢቱ የተሠራው በዝማሬና በአክሮባት መፈራረቅ ነውና አንዱ ሲወጣ ሌላው ያለ እረፍት ይቀጥላል፤ መሐሉ ላይ ይሰለቻል። አክሮባቶቹ በ2022 በጋ ላይ ተመለሱ። ዛሬ በዲዝኒ ወርልድ አንድ ትርኢት ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ይህንን ይምረጥ፤ ስለ ቅነሳው የሚነሳው ቅሬታ እዚህ ላይ አይሠራም።

«ፋይንዲንግ ኒሞ» ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2007 ጀምሮ የነበረው ሙዚቃዊ ድራማ 40 ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር። ለአንድ የመዝናኛ ፓርክ ይህ ረጅም ነው፤ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ያለው እውነተኛ ቴአትር ነበር ማለት ይቻላል። በጁን 2022 በአዲስ ስም ሲመጣ 25 ደቂቃ ገደማ ሆነ። ታሪኩ አሁን የሚቀርበው በባሕር እንስሳት ተቋም ውስጥ ያሉ ዓሦች «ኒሞ እንዲህ ሆኖ ነበር» ብለው እንደሚያወሩት ነው። ይህ አቀራረብ ለቆራጩ ይመቻል፤ ተራኪ ካለ የፈለጉትን ትዕይንት በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝለል ይቻላልና። የሚጎዳው አባትየው ዓሣ የጠፋ ልጁን ኒሞን የሚፈልግበት ጉዞ ነው። አደጋው ሳይከብድ ያልፋል፣ ስለዚህ መገናኘታቸው ላይ ዓይኑ እንባ የሚያቀርረው ተመልካች ቀንሷል። ያልተነካው ደግሞ መነገር አለበት፦ ተዋንያኑ አሁንም ግዙፎቹን አሻንጉሊቶች በእጃቸው እያንቀሳቀሱ በራሳቸው ድምፅ ይዘፍናሉ። ከፊት ሦስተኛና አራተኛ ረድፍ ላይ ከተቀመጡ የተዋናዩ ፊትና የዓሣው እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚናበቡ በደንብ ይታያል። ቀድሞ ላላየው ሰው ጥሩ ትርኢት ነው። ቀድሞ ያየው ግን የመጽሐፉን ማጠቃለያ እንዳነበበ ሆኖ ይወጣል።

እዚያው ፓርክ ውስጥ በሐይቁ ላይ በማታ ይቀርብ የነበረው «ሪቨርስ ኦቭ ላይት» በ2017 ተጀምሮ፣ በ2020 ተዘግቶ፣ በዚያው ቀርቷል። ብዙ አላስለቀሰም፤ ግን ፓርኩ ከምሽት ትርኢቱ ጋር ሰውን እስከ ማታ የሚያቆይበትን ምክንያት አጥቷል።

ከመንገድ ላይ የጠፉት

መድረክ ሲቀነስ ቢያንስ ዜና ይሆናል። የመንገድ ባንድ ሲቀነስ ግን አንድ ቀን ስትሄድ ቦታው ባዶ ነው። የአድናቂው ቁጭት የሚብሰውም በዚህ ላይ ነው።

የየአገሩ ክፍሎች ባሉት በሌላው የዲዝኒ ወርልድ ፓርክ፣ በኤፕኮት፣ የካናዳ ክፍል ከ1997 ጀምሮ «ኦፍ ኪልተር» የሚባል፣ ባግፓይፕን ከሮክ ጊታር ጋር የሚያዋህድ ባንድ ይጫወት ነበር። መቀመጫ የለም፣ ትኬት የለም፤ ሰው እየሄደ ይቆማል፣ ከቆመ አይሄድም። በሴፕቴምበር 2014 መጨረሻ ላይ የመጨረሻ ዝግጅቱን አቀረበ። በምትኩ የመጣው ግንድ ቆራጮች መጥረቢያና መጋዝ ይዘው የሚፎካከሩበት ትርኢት ነበር፤ ሙዚቃ የለመደው ሕዝብ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም፣ ዕድሜውም አጭር ሆነ። በዚያው ሰሞን የሞሮኮው «ሞ ሮኪን» እና ተመልካቹን ራሱን እየጎተቱ የሚያተውኑት የጎዳና ኮሜዲያን ተሰናብተዋል። ይህ እንግዲህ ከወረርሽኙ ስድስት ዓመት በፊት ነው። «ኮቪድ ነው» የሚለው መልስ አድናቂውን የማያሳምነው ለዚህ ነው፤ ልማዱ ቀድሞም ነበር።

የ2020ው ዙር የወሰዳቸው ሁለት ነገሮች ተለይተው ይጠቀሱ። አንደኛው በሆሊውድ ስቱዲዮስ ፓርክ ከ1989 መክፈቻው ጀምሮ የነበሩት «ሲቲዝንስ ኦቭ ሆሊውድ» ናቸው፦ የ1940ዎቹ ፖሊስ፣ ዳይሬክተር፣ ዝና ፈላጊ ኮረዳ ሆነው መንገድ ላይ የሚያተውኑ፣ ከሚያልፈው ሰው ጋር ፈጥረው የሚያወሩ ባለሙያዎች። ሁለተኛው በግራንድ ፍሎሪዲያን ሆቴል ሰገነት ላይ ሆኖ ለአዳራሹ የሚጫወተው ኦርኬስትራ ነው፤ ሆቴሉ ከተከፈተበት ከ1988 ጀምሮ የነበረ። ሆቴሉ ከዲዝኒ ውዶቹ አንዱ ነው። ዋጋው አልወረደም።

ማስተካከያ ካስፈለገ ሁሉም አልጠፋም። በአሜሪካ ክፍል ያለ መሣሪያ የሚዘምሩት «ቮይስስ ኦቭ ሊበርቲ» እና የሜክሲኮው «ማሪያቺ ኮብሬ» ኤፕኮት ከተከፈተበት ከ1982 ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ዛሬም ኤፕኮት ለመንገድ ሙዚቃ ከአራቱ ፓርኮች የተሻለው ነው። ቮይስስ ኦቭ ሊበርቲን ከጉልላቱ ሥር፣ ልክ ከመሐሉ አጠገብ ቆሞ መስማት ያስፈልጋል፤ ድምፁን ማይክሮፎን ሳይሆን ጣሪያው ነው የሚያመጣው።

ሲቀነስ ለምን ትርኢት ይቀድማል?

የሒሳቡ ነገር ቀላል ነው። ሮለር ኮስተር ሲሠራ ከባድ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ጥቂት ኦፕሬተርና ጥገና ነው። ትርኢት ተቃራኒው ነው፦ ሲጀመር ርካሽ፣ በየቀኑ ግን ውድ። 20 ተዋናይ የሚፈልግ መድረክ እንውሰድ። ፓርኩ በሳምንት ሰባት ቀን ክፍት ነው፣ ተዋናዩ የሚሠራው አምስት ቀን ነው፤ ስለዚህ 20ውን ቦታ ለመሸፈን ብቻ 28 ሰው ያስፈልጋል። የታመመ፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ፣ ዕረፍት የወጣ ሲኖር ሦስት አራት ሚና አጥንተው በተጠንቀቅ የሚቆሙ ተተኪዎች ይጨመራሉ። የመድረክ አስተዳዳሪ፣ ድምፅ፣ መብራት፣ ልብስ የሚያጥብና የሚጠግን ሲደመር ለአንድ የ30 ደቂቃ ትርኢት ከ40 ሰው በላይ ደሞዝ ይቆረጣል። የበጀት ቅነሳ ትእዛዝ ሲመጣ ዓይን የሚያርፈው እዚህ ነው።

የመንገድ ባንዱ ደግሞ ሌላ ድክመት አለበት፤ አይለካም። መጫወቻው የወረፋ ሰሌዳ አለው፣ ቴአትሩ ወንበር ይቆጠርለታል፣ ባንዱ ፊት የቆመው ሰው ግን የትም አይመዘገብም። ስለዚህ ሲወጣ በሠንጠረዡ ላይ ኪሳራው አይታይም፣ ቁጠባው ብቻ ይታያል።

ስሌቱ የሚዘነጋው የሕዝቡን ፍሰት ነው። 24 ሰው የሚይዝ ባቡር በየደቂቃው የሚለቅ ኮስተር በሰዓት 1,440 ሰው ያስተናግዳል፤ ይህ ጥሩ ነው። ከዲዝኒላንድ ጎን ባለው የካሊፎርኒያ አድቬንቸር ፓርክ ያለው ሃይፔሪየን ቴአትር ወደ 2,000 ወንበር አለው። ቀድመው መጥተው የሚጠብቁበት ሲጨመር በአንድ ትርኢት 2,000 ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ከየወረፋው ይወጣል፣ ከፀሐይም ይድናል። ቤቱ ከ2003 እስከ 2016 በ«አላዲን»፣ ከዚያም እስከ 2020 በ«ፍሮዝን» ይሞላ ነበር። ከወረርሽኙ በኋላ ያገኘው በ2023 በጋ ለሁለት ወር የቀረበውን የ30 ደቂቃ «ሮጀርስ ዘ ሙዚካል» ነው። ትርኢቱ ተወዶ ነበር፤ ኦገስት 31 ላይ እንደታቀደው ተዘጋ። ቤቱ ባዶ በሆነ ቀን እነዚያ ሰዎች የት ይሄዳሉ? ኮስተሩ ጋ ነዋ። ከዚያ ፓርኩ ወረፋ መዝለያ ይሸጥላቸዋል። ይህ ሆን ተብሎ ነው አንልም፤ ነገር ግን አድናቂው እንደዚያ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ዩኒቨርሳልስ?

ኦርላንዶ ያለው ዩኒቨርሳልም እጁ ንጹሕ አይደለም። የ«ቢትልጁስ» የሙዚቃ ትርኢት በጃንዋሪ 2016 ተዘጋ፤ አይላንድስ ኦቭ አድቬንቸር የተባለው ፓርኩ በ1999 ሲከፈት የነበረው የሲንባድ የስታንት ትርኢት በሴፕቴምበር 2018 ተከተለው። ሲንባድ፣ እውነቱ ይነገርና፣ በመጨረሻ ዓመታቱ አርጅቶ ነበር፤ ቀልዱም እሳቱም የደከመው ነው። የሚያስቆጨው መዘጋቱ አይደለም፣ ያን የሚያህል ቤት ለዓመታት ያለ ተተኪ መቀመጡ ነው።

ሆኖም በሜይ 2025 የተከፈተው የዩኒቨርሳል ፓርክ ኤፒክ ዩኒቨርስ አቅጣጫውን የቀየረ ይመስላል። «ለ ሰርክ አርካነስ» እና የድራጎኖቹ «ዘ አንትሬነብል ድራጎን» ሰው፣ አሻንጉሊትና ትልቅ ማሽን አንድ ላይ የሚሠሩባቸው ከባድ ትርኢቶች ናቸው፤ ለአዲስ ፓርክ በመክፈቻው ቀን እንዲህ ያለ የመድረክ ድርሻ መስጠት ከዲዝኒ የቅርብ ጊዜ ልማድ ይበልጣል። ፈተናው ግን ገና ነው። የትርኢት ጤና የሚታወቀው በመክፈቻው ዓመት ሳይሆን አራተኛው ላይ ነው፤ ተዋንያኑ ተለዋውጠው፣ ማሽኑ መበላሸት ጀምሮ፣ በቀን የሚቀርብበት ብዛት ሲታይ።

ትርኢት አያዋጣም ለሚል ደግሞ የፈረንሳዩ ፑይ ዱ ፉ አለ። ኮስተር የለውም፣ ምንም የሚጋለብ የለውም፤ ፈረሰኞች፣ የሚበሩ አሞራዎች፣ የቫይኪንግ መርከብ ከውኃ ሥር ሲወጣ፤ ሙሉ ቀን ትርኢት ነው፣ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ይገባበታል።

ቅሬታ ምን አመጣ?

ከላይ ርችት አይቆጠርም ብለናል፤ ግን ለዚህ ነጥብ ማስረጃው ርችት ነው። የዲዝኒ ወርልዱ ማጂክ ኪንግደም የርችት ትርኢቱን «ሀፒሊ ኤቨር አፍተር»ን አውጥቶ በኦክቶበር 2021 «ኢንቻንትመንት»ን ሲያስገባ ተቃውሞው አላባራም፤ በኤፕሪል 2023 አሮጌው ተመለሰ። የማታ ፓሬድም እንዲሁ። የኤሌክትሪኩ ፓሬድ በኦክቶበር 2016 ከሄደ በኋላ ማጂክ ኪንግደም ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ያለ ማታ ፓሬድ ኖረ፤ በጁላይ 2025 «ስታርላይት» ጀመረ። በመንገዱ የሚያልፉት ተሽከርካሪ መድረኮቹ ብርሃናቸው ድንቅ ነው።

የዲዝኒላንዱ የማታ ትርኢት «ፋንታስሚክ» ለብቻው መታየት ያለበት ነው። በኤፕሪል 22፣ 2023 ግዙፉ ዘንዶ በትርኢቱ መሐል በእሳት ነደደ፤ ትርኢቱ የተመለሰው በሜይ 2024 ነው። ዘንዶው የለም። በምትኩ ቀድሞ ወደ ዘንዶ ትለወጥ የነበረችው ክፉዋ ጠንቋይ ከፍ ብላ በሰው አካሏ ትፋለማለች፣ መርከቡ ላይ ደግሞ የፒተር ፓንና የካፒቴን ሁክ የሰይፍ ፍልሚያ ተመልሷል። ማሽን ሲጎድል ሰው መጨመር ያልተለመደ ነው፤ የመጨረሻው ትዕይንት ግርማ ቢቀንስም መሐሉ ከቀድሞው የተሻለ ሆኗል።

በሌላ በኩል ተዋንያኑ ራሳቸው ዝም አላሉም። በሜይ 2024 የዲዝኒላንድ ገጸ ባሕርይ ለባሾችና የፓሬድ ተወዛዋዦች 953 ለ258 በሆነ ድምፅ አክተርስ ኢኩዊቲን ለመቀላቀል ወሰኑ።

ከመሄድህ በፊት

ትርኢት ሊቀነስ ሲል ምልክት አለው። የጊዜ ሰሌዳው ቀድሞ ለሁለት ወር ይወጣ የነበረ ለሁለት ሳምንት ብቻ ሲወጣ፤ በቀን አምስት የነበረው ሦስት ሲሆን፤ በሳምንት ሁለት ቀን «የለም» ሲል፤ «ለጥገና» ተብሎ የመመለሻ ቀን ሳይጻፍ ሲቀር። ከሁሉም ይልቅ የሙዚቃውን ድምፅ ልብ በል። ከበሮ መቺው እጁን ከማንሳቱ ድምፁ ከቀደመ፣ ወይም ዘፋኙ ሲታጠፍና ሲዘል ትንፋሹ በማይክሮፎኑ ካልተሰማ፣ የተቀዳ ነው። የተቀዳ ከሆነ በኋላ ሰው መቀነስ ቀላል ነው።

ሰሌዳውን በፓርኩ አፕ ላይ ከመሄድህ በፊት ባለው ምሽት እይ፣ ጠዋት በር ላይ ደግመህ እይ፤ በሌሊት ይቀየራል። ፍሎሪዳ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከሰዓት በኋላ መብረቅ ይበዛል፤ መብረቅ ከቀረበ ፓሬድና ሜዳ ላይ የሚቀርብ ሁሉ ይሰረዛል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያለውን ከምሳ በፊት፣ ጣሪያ ያለውን ከሰዓት በኋላ አድርግ። «ላየን ኪንግ» ላይ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ቀድመህ ድረስ፤ መጀመሪያው ትርኢት ከሁሉ ቀለል ይላል። ስታርላይት በሌሊት ሁለት ጊዜ በሚወጣበት ቀን ሁለተኛውን ምረጥ፤ ሕፃን የያዘ ቤተሰብ ከመጀመሪያው በኋላ ይሄዳል፣ መንገዱ ዳር ቦታ ይገኛል። ከ1974 ጀምሮ ያለውና በጁን 2022 የተመለሰው «ሁፕ ዲ ዱ» የእራት ትርኢት ላይ ለመግባት ከፈለግህ ከ60 ቀን በፊት ጠዋት ላይ ያዝ። ሌላው የእራት ትርኢት፣ የፖሊኔዥያን ሆቴሉ «ስፒሪት ኦቭ አሎሃ»፣ ቀርቷል፤ ድሮ የጻፉ መመሪያዎች አሁንም ይጠቅሱታል፣ አትድከም።

ትርኢት ቢሰረዝ ገንዘብ አይመለስም፤ ዝግጅቶች ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቀየሩ እንደሚችሉ በትኬቱ ውል ላይ አለ። ለዚህ ብሎ የእንግዳ አገልግሎት ቢሮ ሄዶ መጨቃጨቅ የቀኑን ሰዓት መብላት ነው። ቅሬታ በጽሑፍ ይሁን፦ የትርኢቱ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ምን እንደጎደለ። «ድሮ ይሻል ነበር» የሚል ጽሑፍ የትም አይገባም፤ «አክሮባቶቹ አልነበሩም» የሚል ግን የሚመለከተው ክፍል አለው። የዲዝኒ ወርልድ አፕ ሠራተኛን የማመስገኛ ቦታም አለው። የመንገድ ባንድ ወድደህ ከቆምህ እዚያው ጻፍ። ተዋናዩ የስም ባጅ ላይኖረው ስለሚችል የባንዱን ስም፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጥቀስ፤ የማይቆጠረውን ባንድ የሚያስቆጥረው እሱ ነው።